የቤዛብሕ ሦስት ደቂቃ

አዲሱ ገበያ ላይ ሩፋይዳን የማያውቃት የለም፤ ማለቴ ድምጿን። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ሲከፈት ስለተዘጋው መንገድና ስለጠፋው መብራት የምታወራው እሷ ናት። በአንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ከዚያ የምርጫ ክርክር ወዲህ ግን ታክሲ ሰልፍ ላይ ስትቆም ሰው ሁሉ ድንገት ስልኩን ማየት ያምረዋል። አንድ ደፋር ደግሞ አለ፣ ጮክ ብሎ "የሽማግሌው ጋዜጠኛ መጣች!" የሚል። ይበል! እሷን የሚያንገበግባት የእሱ አፍ አይደለም። የሚያንገበግባት የእትዬ አጸደ ዝምታ ነው።

እትዬ አጸደን ጎረቤት ብቻ ናቸው ብላችሁ እንዳታልፏቸው። የሩፋይዳ እናት ኡሙሀኒ ስትሞት ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። አባቷ ሸፊ ሱቁን ይክፈት ወይስ ልጅ ያሳድግ? እትዬ አጸደ መጡና "ከዛሬ ጀምሮ ምሳሽም እራትሽም እኛ ቤት ነው" አሏት፤ በቃ፣ ሌላ ስብሰባ አላስፈለገም። ጴንጤ ናቸው፣ ያውም ዘማሪት። ግን ሥጋ በሚሠራበት ቀን ሥጋው የሚመጣው ከሙስሊም ልኳንዳ ነበር፤ ለአንዲት ልጅ ተብሎ ቤቱ በሙሉ እሱኑ ይበላል። የሚያጉረመርም ሲኖር "ጌታ ስለ ሥጋው አይጠይቀኝም፣ ስለ ልጅቷ ግን ይጠይቀኛል" ይሉ ነበር። ሩፋይዳ ከእሳቸው ልጅ ከቤዛብሕ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አጥንታ፣ አንድ ሰሃን ላይ ተሻምታ አደገች።

ሸፊ ከሁለት ዓመት በፊት አረፈ። ታላቅ እህቷ ኢክረማ ደግሞ ገና ድሮ ነው ጅማ አግብታ የሄደችው። "በላሽ ወይ?" ብሎ የሚጠይቃት አንድ ሰው ብቻ ቀርቶላት ነበር።

ዘንድሮ ቤዛብሕ ለምርጫ ተወዳደረ። ጣቢያው የአካባቢውን ሁለት ዕጩዎች ሊያከራክር ሲወስን ሩፋይዳ አለቃዋን ኤርሚያስን "እኔ ይቅርብኝ፣ አብሮ አደጌ ነው፣ አዳላች እባላለሁ" አለችው። ኤርሚያስ ግን "ሰው የለኝም። ደግሞ አንቺ ማዳላት የት ታውቂያለሽ!" ብሎ የጥያቄዎቹን ወረቀት አስታቀፋት። ሌሊቱን በሙሉ "ብቻ ለቤዛብሕ አንዲት ሰከንድ እንዳላሳልፍለት" እያለች አደረች።

ሕጉ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ዕጩ አራት ጊዜ ይናገራል፣ በየተራው ሦስት ደቂቃ፤ ሰዓቱ ሲሞላ አከራካሪዋ ትንሽዬ ቃጭል ታቃጭላለች። ሌላው ዕጩ አቶ ስብሐት ነበሩ፤ ሰባ ያለፋቸው፣ የጉለሌን ግማሽ ያስተማሩ ጡረታ የወጡ ዳይሬክተር። ሲናገሩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሰዓታቸው ሲያልቅ ሩፋይዳ ቃጭሉን ብድግ ታደርጋለች፣ ያዩኛል ብላ ትጠብቃለች፣ እሳቸው የት አይተው! ታዲያ እንዴት አድርጋ በአባት አፍ ላይ ታቃጭል? ነውር አይደል? እጇ እምቢ አላት። "እሺ አባቴ... እሺ..." ትላለች ቀስ ብላ። እሳቸው ይቀጥላሉ፤ እሷም ጥቂት ሰከንድ ናት ብላ ታልፈዋለች።

ቤዛብሕ ጋ ግን ምን ነውር አለ? እኩያዋ ነው። ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ታቃጭላለች። በመጨረሻው ዙር ስለ ውሃ አነሳ፤ ዳገት ላይ ያለው ሰፈር በሳምንት አንዴ ለምትመጣ ውሃ እንዴት እንደሚሰለፍ። "እናቴ በስልሳ ስምንት ዓመቷ ጄሪካን ተሸክማ..." ሲል አቃጨለችበት። እትዬ አጸደ የተሸከሙት ጄሪካን የት እንደደረሰ ሳይነገር ቀረ።

በማግሥቱ የሰፈሩ አፍ ተከፈተ። የቤዛብሕ ሰዎች "አፉን ዘጋችው፣ ጉቦ በልታ ነው" አሉ። የአቶ ስብሐት ሰዎች ደግሞ፣ ጉድ እኮ ነው፣ "ከባዱን ጥያቄ ለሽማግሌው አስቀምጣ ለአብሮ አደጓ ቀላሉን ሰጠች" አሉ። ሩፋይዳ ሁሉንም ትታ እትዬ አጸደ ጋ ሮጠች።

"ወላሂ እቴቴ፣ ለሁለቱም እኩል ሰዓት ነው የሰጠሁት።"

እትዬ አጸደ ምስር እየለቀሙ ነበር። ቀና ሳይሉ "እሺ ልጄ" አሉ። አልተቆጡም፣ አልሰደቡም። ቢሰድቧት ምንኛ በተሻለ! በላሽ ወይ ግን አላሏትም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልጠሯትም፣ እሷም ሳይጠሯት መሄድ ፈራች። ከሥራ ትመጣለች፣ ለአንድ ሰው ሩዝ ትቀቅላለች፣ ልኩን ስለማታውቅ ይተርፋታል። ከአጥሩ ማዶ እትዬ አጸደ ከመዘምራኑ ጋር ሲሳሳቁ ትሰማለች። ያን ሳቅ እየሰሙ ብቻን መብላት፣ ወገኖቼ፣ ለጠላትም አይስጠው። አንዳንዴ ሬዲዮዋን ከፍ ታደርገዋለች፤ በድጋሚ ስርጭት የራሷ ድምፅ ሲመጣባት ደግሞ ትዘጋዋለች።

አንድ እሁድ ከሰዓት "ቆይ፣ በሰዓት አሳያቸዋለሁ" ብላ ተነሳች። የክርክሩን ቅጂ ከፍታ በስልኳ ሰዓት መያዝ ጀመረች። የቤዛብሕ አራቱም ዙር ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። በድምሩ አሥራ ሁለት ደቂቃ፣ ሰከንድ አልተረፈውም። አቶ ስብሐት አሥራ አራት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ። ተሳስቼ ነው ብላ ደገመችው፤ ያው ነው። የራሷን "እሺ አባቴ" እየሰማች ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። በአላህ ስም የማለችው በውሸት ነበር፣ ያውም ለእትዬ አጸደ።

ሰኞ ስትነግረው ኤርሚያስ "ተይው በናትሽ፣ ማን ይቆጥረዋል?" አላት። "እኔ ቆጥሬዋለሁ" አለችና በጠዋቱ ፕሮግራም ላይ አነበበችው፦ በክርክሩ ለአንደኛው ዕጩ ወደ ሦስት ደቂቃ የሚጠጋ ትርፍ ጊዜ መስጠቷን፣ ስህተቱ የራሷ መሆኑን፣ አድማጮችንና ዕጩዎቹን ይቅርታ መጠየቋን። እኩለ ቀን ሳይሞላ የአቶ ስብሐት ሰዎች ደግሞ "ይኸው ተገዛች!" አሉ። ይበሉ። እሷ የምትጠብቀው የአንድ ሰው ጥሪ ነበር፣ እሱም አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ራሷ ሄዳ አንኳኳች።

እትዬ አጸደ ከፈቱላት። "ግቢ" አሉና ሳሎን፣ እንግዳ የሚቀመጥበት ሶፋ ላይ አስቀመጧት። ሚሪንዳ በብርጭቆ አቀረቡላት፣ ከሥሩ ሰሃን አድርገው። እዚያ ቤት ወጥ ከድስቱ እየጨለፈች ያደገች ልጅ! ሩፋይዳ ብርጭቆውን ያዘችው እንጂ አልጠጣችውም።

"ሰምቼሻለሁ" አሉ እትዬ አጸደ። "ስህተት ነው አልሽ።"

"አዎ እቴቴ። በውሸት ማልኩብሽ። ሳላውቅ ነው፣ አፉ በይኝ።"

"እሱን አፉ ብዬሻለሁ። አቶ ስብሐትንም አከበርሻቸው፣ ደግ አደረግሽ፣ እንደዚያ ነው ያሳደግኩሽ።" ባዶውን ሰሃን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። "ቤዛብሕን ግን ተሳስተሽ አይደለም ያቋረጥሽው። የማታውቂው ሌላ ጎረምሳ ቢሆን፣ ስለ እናቱ ሲያወራ ያቺን ዓረፍተ ነገር እንኳ አታስጨርሺውም ነበር?"

ሩፋይዳ እንባዋ መጣ። መዋሸት ትችል ነበር፤ አልዋሸችም።

"አስጨርሰው ነበር" አለች። "የእኛ ስለሆነ ነው። አዳላች እንዳይሉኝ ብዬ ነው እቴቴ።"

"እኮ!" አሉ እትዬ አጸደ። ድምፃቸው ቁጣ የለውም፣ ደክሟቸዋል። "እኔ ባላሳድግሽ ኖሮ ልጄ ተናግሮ ይጨርስ ነበር።"

ሩፋይዳ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ተነሳች። እትዬ አጸደም ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱና፣ ለእንግዳ እንደሚደረገው፣ እስከ ግቢው በር ድረስ ሸኟት።