ቀለማቸው ከቆጫቸው ፍቀው ይውሰዱት

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ክረምት ሊወጣ ሲል፣ እዚሁ ሚዛን ተፈሪ ነው። ሰው ሁሉ "ያለፈውን እርሳው" ይለኛል። አልረሳሁትም። የምጽፈውም እንዳልረሳው ብዬ ነው።

እኔና ባለቤቴ ሣራ ከገበያው ወረድ ብሎ ያለ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። አከራያችንን እትዬ ብርቄ ልበላቸው። እውነተኛ ስማቸውን ብጽፍ ደስ ባለኝ፣ ሣራ ከለከለችኝ። አንቱ የምላቸውም እናቴ በሥርዓት ስላሳደገችኝ እንጂ ለእሳቸው ብዬ አይደለም።

ስንገባ ቤቱ ለዓይን የሚያስጠላ ነበር። አንዱ ግድግዳ ሮዝ፣ አንዱ ድፍን ሰማያዊ፣ የቀረው ደግሞ ከየትም በተራረፈ ቀለም የተለቀለቀ ነው። ከታች በኩል እርጥበቱ ስለወጣበት ሻግቷል። ሣራ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበርና "ልጄን እዚህ ሻጋታ ውስጥ አላስተኛም" አለች። በራሳችን ወጪ እንቀባው ብለን እትዬ ብርቄን አስፈቀድን።

"ቀቡት፣ ምን ገዶኝ" አሉ። "ግን ማንም ዓይቶ የማይጠላው ቀለም ይሁን። ደማቅ ነገር እንዳታመጡብኝ።"

ሣራ ለመኝታ ክፍሉ ቢጫ ቋምጣ ነበር። "የምንኖርበት እኛ፣ ማንም ቢጠላው ምን አገባን?" ብላ ተቆጣች። እኔ ነኝ "ተይ፣ ቤቱ የሳቸው ነው፣ እናክብራቸው" ያልኳት። ሴትየዋ ገና ያኔ የሚቀጥለውን ተከራይ እያሰቡ እንደነበር አልገባኝም።

ማንም የማይጠላው ቀለም ማግኘት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ነጭ እንዳንል በዚህ ቀይ አፈር እጅ ያረፈበት ሁሉ ይታያል። ግራጫው ቤቱን ያጨልመዋል፤ እዚህ ደግሞ ደመና የሌለበት ቀን እንደ እንግዳ ነው የሚመጣው። ቡናማውን ሣራ "ከጭቃ ወጥተን ጭቃ ልንቀባ ነው?" ብላ ጣለችው። በመጨረሻ ባለ ሱቁ ካርቶን ላይ ትንሽ ትንሽ ቀብቶ ሰጠንና ግድግዳው ላይ ለጥፈን ጠዋትም ማታም እያየን ከረምን። ወተት የመሰለ ክሬም መረጥን። ሰው ለቀለም እንዲህ ይጨነቃል ወይ ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። እኛ የልጃችንን ቤት እየመረጥን ነበር።

ስቱኮውንም ቀለሙንም ከሥራ ስወጣ ራሴ ሠራሁት። ሣራ ሽታው ስለሚከብዳት ጎረቤት ትውላለች። ሲያልቅ ገብታ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰችው፣ ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ቤቱ በርቶ ነበር።

እትዬ ብርቄም መጥተው አዩት። ወገባቸውን ይዘው ዞር ዞር አሉና "አሁን ቤት ሆነ" አሉ። ደስ ስላላቸው እኔም ደስ አለኝ። ሞኝነቴ!

ብዙም ሳይቆይ ሰው ይዘው መምጣት ጀመሩ። "ዘመዶቼ ናቸው፣ ቤቱን ላሳያቸው ብዬ ነው" ይላሉ። ከዘመዶቻቸው አንዱ ከቴፒ የመጣ የቡና ነጋዴ ሆኖ ተገኘ። የቡና ለቀማ ሊደርስ ሲል እኛ ከተማ ውስጥ ቤት እንደ መድኃኒት ይፈለጋል። ሰውየው ግድግዳውን ዓይቶ "ይሄ ንጹህ ነው፣ ይሆነኛል" ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። በማግስቱ እትዬ ብርቄ ልቀቁልኝ አሉን። ሣራ ወሯ ገብቶ ነበር።

ለመንኳቸው፤ ፊታቸውን አዞሩ። ስለዚህ እንደ ወጉ ሽማግሌ ላክሁ። የእድራችን ዳኛ አቶ ኃይሌና አንድ ሌላ ጎረቤት ሄዱልኝ፣ እኔም ከበሩ ቆሜያለሁ።

"እስክትወልድ ብቻ ይታገሷቸው" አሉ አቶ ኃይሌ። "ቤቱንስ እንዲህ ያሳመሩት እነሱ አይደሉም?"

እትዬ ብርቄ ከተቀመጡበት ተነሱ። "እኔ ቀቡልኝ ብዬ ለመንኳቸው? ቀለማቸው ከቆጫቸው ፍቀው ይውሰዱት! ቤቴን ብቻ ይልቀቁልኝ!"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም፤ ደሜ ፈልቶ ነበር። "እሺ እትዬ" ብዬ ወጣሁ።

ሣራን እዚያው ሰፈር ጣሪያው የሚያፈስ አንዲት ክፍል ውስጥ አስገባኋት፤ ከዚያ የተሻለ አልተገኘም። ከሸኮ የሣራን ወንድም ታደሰን አስጠራሁት። ዕቃ ሊሸከም መስሎት ነበር። "ልንፍቅ ነው" ስለው ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን ተወና መፋቂያውን ተቀበለኝ።

የጭቃ ቤት ግድግዳ ሲፋቅ ቀለሙ ስቱኮውን፣ ስቱኮው ምርጊቱን ይዞ ይወርዳል። ሮዙ ወጣ፣ ሰማያዊው ወጣ፣ አንዳንድ ቦታ ጭዱና እንጨቱ ሳይቀር ታየ። ደክሞኝ እንኳ ማቆም አልፈለግሁም። እያንዳንዱ ፍርፋሪ ሲወድቅ የሣራን ለቅሶ እያሰብኩ ደስ ይለኝ ነበር። የፋቅነውን ሁሉ በጆንያ ሞላነው፤ ወለሉን ጠረግሁ፣ በሩን ቆለፍሁ፣ ቁልፉን በአቶ ኃይሌ እጅ ላክሁላቸው።

በማግስቱ ነጋዴው ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ መጣ። እትዬ ብርቄ በሩን ከፈቱለት። ጩኸታቸው እኛ ግቢ ድረስ ተሰማ፤ ወዲያው እሳቸውም ነጋዴውን አስከትለው ደረሱ።

"ቤቴን አፈረሰው! ፖሊስ እጠራለሁ!"

አቶ ኃይሌ ሰምተው መጥተው ነበር። "ይጥሩ እንጂ" አሏቸው ረጋ ብለው። "ግን እኛ ባለንበት ፍቀው ይውሰዱት ብለዋል። ስንጠየቅ ሌላ ምን እንበል?"

እኔም ጆንያውን እፊታቸው አስቀመጥሁት። "ይኸው ቀለሜ። የእርስዎን አልነካሁም።"

ነጋዴው አንዴ ጆንያውን አንዴ እሳቸውን ዓየ። "እናቴ፣ ቡናው ሊገባብኝ ነው። ይሄ በዚህ ዝናብ ተመርጎ መቼ ሊደርቅ ነው?" አለና መኪናውን አዙሮ ሄደ። እውነቱን ነው፤ እትዬ ብርቄ አስመረጉት፣ አልደርቅ ብሎ መልሶ ሻገተ።

ሣራ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ። ለገንፎው ጎረቤቱ ሁሉ ሲመጣ እትዬ ብርቄም ቅቤ ይዘው ብቅ አሉ። የአራስ ጥየቃ የመጣን ሰው ከበር አይመልሱም። እንኳን ማርያም ማረችሽ አሉ፣ ተቀመጡ፣ በሉ። ከጣሪያው ለሚንጠባጠበው ውኃ የተቀመጠውን ባልዲ ዓዩ።

"ቤቱ ባዶውን ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ተመለሱ። እስከፈለጋችሁ ኑሩበት። ያንኑ ቀለም ቀቡት፣ እሱ ደስ ይል ነበር።"

አልዋሽም፣ ልቤ ከዳኝ። ልጄ ማሳል ጀምራ ነበር። ሣራን ዓየኋት። ለመፋቅ ከተነሳሁ ጀምሮ "ተው፣ ለእግዜር ስጠው" ስትለኝ የነበረች እሷ ናትና እሺ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ።

ሣራ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች። "እትዬ፣ ገንፎ ይጨመርልዎ?" አለች።

እትዬ ብርቄ ትንሽ ጠበቁ። ሲገባቸው ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ታደሰ አንገቱን ደፍቶ ሳቁን ይውጥ ነበር።

አሁን ደረቅ ቤት አግኝተናል፣ ልጃችንም ሳሉ ለቋታል። ይቅር በላቸው የሚሉኝ አሉ። አንድ ቀን እል ይሆናል፣ ዛሬ ግን አይደለም። ከሥራ ስመለስ የምሳፈረውን ባጃጅ ሆን ብዬ በዚያ ቤት በኩል ነው የማስዞረው። በሩ ላይ "የሚከራይ ቤት" የሚል ወረቀት ዝናብ መትቶት ተንጠልጥሏል። ሾፌሩ "ቤት ትፈልጋለህ እንዴ?" ይለኛል። አልፈልግም። ማየቱ ደስ ይለኛል።