«ገና አልወጣም»

ትናንት «ና ጥሬ ሥጋ ልጋብዝህ» ስትለኝ እምቢ ማለቴ አስቀይሞሃል መሰለኝ። በኩራት አይደለም። ገና በሩ ላይ ስንደርስ የጮማውና የደሙ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው መግባት አቃተኝ። ለምን እንደሆነ ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ላንተ ልንገርህ።

ወገዳ ከተማ ተመድቤ ማስተማር የጀመርሁት ገና የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ ነው። የወላጆቼ ቤት ከከተማው የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነበር፤ ገደል ወርደህ፣ ወንዝ ተሻግረህ፣ እንደገና የምትወጣው። አባቴ ገብስና ባቄላ እያረሰ ነው ለዚያ ያበቃኝ። ስመረቅ ቤተ ክርስቲያን አጸድ ሥር ላገኘው ሰው ሁሉ «ከእንግዲህ እኔም ደመወዝተኛ ልጅ አለኝ» ይል እንደነበር እናቴ ነግራኛለች።

ደመወዙ ግን እኔ ዘንድ አንድ ሳምንት አያድርም ነበር። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘር ብሎ የባንኩ መልእክት ሲገባ፣ የዚያ ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ መልስ መዋያችን ሥጋ ቤት ነው። መሪያችን የሒሳብ መምህሩ ነበር፤ ሆዱ ቀደም ቀደም የሚል፣ ሳቁ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሰው። ጠረጴዛው ላይ ሙዳ ሙዳው ሥጋ ይደረደራል፤ አዋዜው ከቢራው አረፋ ጋር ተደባልቆ ይንጠባጠባል፤ ዝንቡ ከእኛ ጋር ይበላል። መክፈያው ሲደርስ «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» እየተባባልን እንተናነቃለን። ያልተናነቀ ቋጣሪ ይባላል። እኔ ደግሞ ቋጣሪ ከመባል ሌባ መባል ይቀለኝ ነበር። ስማቸውን ለማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀር ከፍያለሁ። ወሩ ሲጋመስ ግን ከባለሱቁ ሳሙና በዱቤ እለምናለሁ።

ከመምህራኑ አንዲት ብቻ ከእኛ ጋር አትውልም ነበር፤ የባዮሎጂ መምህርቷ። ደመወዝ በገባ ቀን መጀመሪያ የምትሄደው ቁጠባ ማኅበሩ ቢሮ ነው። ምሳዋን ከቤት በባለክዳን ሳህን ቋጥራ ትመጣለች። የሒሳብ መምህሩ ክዳኑን ገለጥ አድርጎ «ዛሬም ሽሮ!» ሲል ከሁሉም ጮክ ብዬ የምስቀው እኔ ነበርሁ። ያ ሳቅ ትዝ ሲለኝ ምላሴን ባጥበው ደስ ይለኛል።

በግንቦት አንድ ሐሙስ ከሰዓት አባቴ ደወለ። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥቶ ነው መሰል ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ያፏጫል።

«ልጄ፣ ማዳበሪያው ገብቷል። ጊዜው ሊያልፍ ነው። ትንሽ ብታግዘኝ ብዬ ነው።»

ደመወዙ የገባው በዚያው ዕለት ጠዋት ነበር። እሑድን አሰብሁ። የሒሳብ መምህሩን አሰብሁ። «አባ፣ ገና አልወጣም፤ የዚህ ወር ይዘገያል ብለውናል» አልሁት።

እሱም ስለ ማዳበሪያው አንድ ቃል አልጨመረም። «ታዲያ ምን ትበላለህ?» አለኝ። «አይዞህ፣ እኔ መላ አላጣም።»

እሑድ ሥጋ ቤት ተሰበሰብን። ባለቤቱ ቢላውን እየሳለ መጣና «ሲያርስ የኖረ በሬ ነው፤ ጠነከረ ብላችሁ እንዳትቀየሙኝ» አለን። «ትናንት ከገበያ ነው ያመጣሁት። ሽማግሌው ማዳበሪያ ሊያመልጠው ሆኖ ሲቸኩል፣ በጠራሁት ዋጋ ለቀቀልኝ።»

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በእውነት ጠንከር ያለ ነበር፤ እያኘክሁ «ይሄማ ጥርስ ይፈትናል» ማለቴንም አስታውሳለሁ።

ቢራው ሲከብደኝ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ጓሮው በፈርስ ሽታ ታፍኗል። ጨው የተነሰነሰበት ቆዳ ጥግ ላይ ተዘርግቷል፤ ዝንብ ጥቁር አድርጎታል። አልፌው ልሄድ ስል ዝንቡ ብን ብሎ ተነሣና የግንባሩ ነጭ ታየ። ቀይ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ግራ ጆሮው ለሁለት የተቀደደ። ያን ጆሮ ጥጃ ሳለ ጅብ ነክሶት ዘይት ስቀባው የከረምሁት እኔ ነኝ። ቦራ ነበር፤ የአባቴ በሬ።

አጥሩን ተደግፌ አስታወክሁ። የበላሁት ተመልሶ ሲወጣ ሳየው እንደገና አስታወክሁ። እጄን ባጥበው፣ ባጥበው ጮማው ከጥፍሮቼ ሥር አልለቅ አለኝ።

ስመለስ የሒሳብ መምህሩ «ምነው ጀግናው፣ ጥሬው አሸነፈህ?» አለኝ። ጠረጴዛውን ገልብጬ የወጣሁ እንዳይመስልህ። የድርሻዬን ከፍዬ ነው የወጣሁት። ያን ቀን እንኳ ከፈልሁ!

ቤት ስደርስ አከራዬ አንዲት ትንሽ ከረጢት ይዛ ጠበቀችኝ። «ትናንት ማታ አምሽተህ ስለገባህ ሳልነግርህ ቀረሁ፤ አባትህ ትናንት ከገበያ መልስ መጥተው ነበር» አለች። «ግቡና እህል ቅመሱ ብላቸው፣ ደመወዝ ያልወጣለትን ልጅ ደግሞ ምን አስቸግረዋለሁ ብለው ውኃ ብቻ ጠጥተው ሄዱ። ይህን ስጪልኝ፣ እንዳይርበው አሉ።»

በሶ ነበር። አፉ በእናቴ ነጠላ ጥለት ታስሯል። ስፈታው የተቆላው ገብስ ሽታ ክፍሉን ሞላው። አልበላሁትም፤ እንኳን ልበላው ላየውም አፈርሁ።

ሰኞ የባዮሎጂ መምህርቷን በእረፍት ሰዓት ብቻዋን አገኘኋት። «የምትሄጂበት ቁጠባ ማኅበር እኔንም ውሰጂኝ» ስላት ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ዛሬ ምን ነካህ? ገና ጮማ ጮማ ትሸታለህ።»

«አውቃለሁ» አልኋት።

ከዚያ በኋላ አልቀለደችም። «ወር ጨርሼ የተረፈኝን አስቀምጣለሁ ካልህ አትድከም፤ ምንም አይተርፍህም» አለችኝ። «መልእክቱ በገባ ቀን፣ ሳሙና እንኳ ሳትገዛ ወስደህ አስገባ። በቀረው ኑር። ሲጠሩህ የለኝም በል፤ መጀመሪያ ያንቅሃል፣ ከዚያ ይለምድሃል።»

እውነትም አነቀኝ። የሒሳብ መምህሩ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ «ቋጣሪው መጣ» እያለ መንገድ ይለቅልኝ ጀመር። እኔም ሽሮዬን በሳህን ይዤ ከመምህርቷ አጠገብ እቀመጣለሁ። ሰው ሲስቅብኝ ግን አባቴን አስባለሁ፤ በአንድ በሬ ቀርቶ በሬውን ከጎረቤት በሬ ጋር አጣምሮ ሊያርስ መቀናጆ ገብቷል። የጎረቤቱ መሬት ሳይታረስ የእሱ አይታረስም። ሁለት ክረምት ዘር የዘራው ሁሉም ከዘራ በኋላ ነበር፤ ሁለቱንም ዓመት ገብሱ ቀጨጨበት።

በሦስተኛው ዓመት ሚያዝያ ላይ በሬ ገዛሁ። ወገዳ ገበያ መቆም አልቻልሁም፤ አርብ ገበያ የምትባል ሌላ ከተማ ድረስ ተጉዤ ነው የገዛሁት። ያን ሁሉ ገደል እየነዳሁት አገር ቤት ስገባ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ እልል አለ። «የተባረከ ልጅ! እንዲህ ያለውን ለእኛም ይስጠን!» ሲሉኝ ቆዳዬ ይሸማቀቅ ነበር።

አባቴ የበሬውን ጥርስ አየ፣ ሻኛውን ዳበሰ፣ ከዚያ ፊቱን ከእኔ አዞረና ዐይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

ማታ ሁለታችን ብቻ ስንቀር «አባ፣ ያኔ ለማዳበሪያ የደወልህልኝ ጊዜ...» ብዬ ጀመርሁ።

አላስጨረሰኝም። «ተወው ልጄ። ደመወዝ ቢዘገይ ያንተ ጥፋት ነው?»

መናገር ነበረብኝ። እሱ ግን ደስ ብሎት ነበር፤ ያን ደስታውን ነጥቄ እኔ ቀለል እንዲለኝ ማድረግም አስጠላኝ። አባቴ በሬውን ሦስት ክረምት አርሶበት ከዚህ ዓለም አረፈ፤ እስከመጨረሻው አልነገርሁትም።

በሬውን ባመጣሁ በማግሥቱ ወደ ወገዳ ልመለስ ስነሣ የአባቴን ጉልበት ሳምሁ። ቀና ስል ፊቴን በሁለት እጁ ያዘው፤ መዳፉ እንደ ድንጋይ ሻካራ ነበር። እንደ አገሩ ወግ እንትፍ እንትፍ አለብኝና «እንዳበላኸኝ የሚያበላህ ልጅ ይስጥህ» ብሎ መረቀኝ። ምራቁ ጉንጬ ላይ ቀዘቀዘ። ወንዙን እስክሻገር አልጠረግሁትም።