ሚስማር በአፍ፣ ሻይ በእጅ

ባሌ ሶፋ ሠሪ ነው። ሥራ ላይ ሲሆን ትንንሾቹን ሚስማሮች በከንፈሩ ይዞ፣ አንድ በአንድ እያወጣ ጨርቁን እንጨቱ ላይ ይመታል። የሰፈሩ ሰው በዚህ የተነሳ «ሚስማር ጎራሹ» ይለዋል። ለነገሩ አፉ ባዶ ሲሆንም ብዙ አይናገርም፤ ከእሱ ቃል ማውጣት ከእንጨት ሚስማር ከመንቀል ይብሳል።

ሐኪሙ «ስኳርህ ከፍ ብሏል፤ ጣፋጭ አሁን ከተውክ ያለ መድኃኒት ይወርድልሃል» ሲለው ለእኔ ብቻ ነገረኝ። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ! በሽተኛ ነው ከተባለ ማን ሥራ ይሰጠኛል?» አለ። እሺ አልኩ። ምን ላድርግ፣ ግትር ነው።

ስኳሩን መተው አላስቸገረውም። ያስቸገረው ሰው ነው! ወርክሾፑ ውስጥ አብሮት የሚሠራው ጨርቅ ቆራጭ ስኳር የሌለው ሻይ ሲጠጣ አየውና «ምነው፣ ቆጥበህ ፎቅ ልትሠራ ነው እንዴ?» አለው። ባሌ ጥርሴን አሞኝ ነው አለ። ታላቅ ወንድሜ በልጁ ልደት ኬክ ሲያቀርብለት ጨጓራዬ አለ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ደግሞ «አንድ ብስኩት አይገድልህም፤ ምን ዓይነት ኩራት ነው!» ብላ አፉ ላይ ስትደቅንበት፣ ሲጨንቀው ስለት አለብኝ አላት። ሦስት ሰው፣ ሦስት ውሸት። እኔማ የትኛው ለማን እንደተነገረ ስለጠፋኝ፣ ሰው ሲጠይቀኝ ማሳል ጀመርኩ።

ለእናቴ ግን ውሸትም አልነገራትም። እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ቁጭ ብሎ መዋል ሞቷ ስለሆነ፣ ጠዋትና ከሰዓት ሻይ አፍልታ፣ ስኳሩን ራሷ አማስላ፣ ከቤታችን ሥር ወዳለው ወርክሾፕ ትወስድለታለች። በስኳር አትሰስትም፤ ማንኪያው ቀጥ ብሎ ይቆማል።

አንድ ቀን ብርጭቆውን ይዛ ስትገባ ባሌ ሶፋ ላይ አጎንብሷል፤ አፉ ሚስማር ሞልቷል። «ልጄ፣ ሳይበርድ ጠጣ» አለችው። ራሱን ነቀነቀ። «ምነው፣ ቀጠነ እንዴ?» ስትለው አሁንም ነቀነቀና በመዶሻው ወደ በሩ ጠቆመ። በሩ ጋ ካለው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡልኝ ማለቱ ነበር። እናቴ የገባት ግን ውጪ መባሏ ነው፤ ያውም ቆራጩ ፊት።

ከሥራ ስመለስ ልብሷን እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ስትከት አገኘኋት።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«ወንድምሽ ዘንድ ልሄድ ነው። ሰው እጁን ከተጸየፉት ምን ይሠራል?»

«ማን ተጸየፈሽ?»

«ባልሽ ነዋ! ብርጭቆው ሰሞኑን እንደሞላ ሲመለስ አላየሁም መሰለሽ? ዛሬ ደግሞ በመዶሻ አስወጣኝ። አርጅቻለሁ ልጄ፤ አልፈርድበትም።»

ይቺ «አልፈርድበትም» አንጀቴን በላችው። ደሜ ፈልቶ ወርክሾፑ ወረድኩ።

«አፍህ ውስጥ ያለውን ትፋ!» አልኩት። ደንግጦ መዳፉ ላይ ተፋው። «እናቴ ልትሄድ ነው። አሁን ወጥተህ እውነቱን ካልነገርካት እኔም አብሬያት እሄዳለሁ!»

በሩጫ ወጣ፤ መዶሻውን እንኳ አላስቀመጠም። እናቴ ስታየው «ኧረ እየወጣሁ ነው፣ ምን አጣደፈህ!» አለች። መዶሻውን ወዲያ ጥሎ ሻንጣው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እማማ፣ ስኳርህ ከፍ ብሏል ተብዬ ነው። የተውኩት ስኳሩን ነው እንጂ እርስዎን አይደለም። ፈርቼ ነው ያልተናገርኩት።»

 መፍራቱን ለእኔም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

እናቴ ከሻንጣው ቀና አለች። ከዚያ በያዘችው ቀሚስ ትከሻውን ትወቅጠው ጀመር። «አንተ የማትረባ! በየቀኑ መርዝ ሳመላልስልህ ዝም ትላለህ? ልትገለኝ ነው?» እየሰደበችው አለቀሰች፤ እሱ ደግሞ እየተመታ ሳቀ። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ አልኩ። እፎይ! ያን ሁሉ ሰሞን ተሸክሜው የኖርኩት ነገር ከላዬ ወረደልኝ።

በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ፤ አዋጅ ነጋሪዋ ራሷ እናቴ ነበረች። ሥራ የከለከለው ደንበኛ ግን የለም። ልብስ ሰፊዋ ብስኩቷን ይዛ ብቅ ስትል እናቴ በሩን ዘግታ ቆማ «ለእሱ ያመጣሽውን ለእኔ ስጪኝ» አለቻት። ቆራጩ ሊቀልድ አፉን ሲከፍት «አንተም ሁለት ማንኪያ ብትቀንስ ሆድህ በበሩ ይገባ ነበር» አለችው። ሰውዬው ከዚያ ወዲህ የሻይ ነገር አላነሳም።

በዚያው ቀን ከሰዓት ላይ ሁለት ብርጭቆ ይዛ ወረደች። አንዱን ለባሌ ሰጥታ ሌላውን ቀመሰችና ፊቷ ጭምድድ አለ። «ኤዲያ! ይኼ ደግሞ ምኑ ይጠጣል?»

ባሌ ሚስማሮቹን ከአፉ አውጥቶ «ለእርስዎማ ስኳር ያድርጉበት እንጂ፣ እማማ» አላት።

«ብቻህን አትጠጣውም» አለችና ገና ያላለቀው ሶፋ ላይ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ጠጣችው።