የእትዬ ጌታነሽ የማለዳ መለኪያ

እትዬ ጌታነሽ ሞላሌ ውስጥ አረቄ እያወጡ ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ጎረቤታቸው ከሆንኩ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ሲቀምሱ አላየሁም። ጥሩነቱን የሚያውቁት ክብሪት ለኩሰው ነበር። ሰማያዊ ሆኖ ከነደደ ይሸጣል፣ ካልነደደ ወደ ማሰሮው ይመለሳል። አንድ ልጃቸው ነቢዩም እንዳይነካው የተነገረው ገና በእግሩ ሳይቆም ነው። «አረቄ የእንግዳ ነው፤ የቤት ልጅ ውሃ ይጠጣል» ይሉ ነበር።

ነቢዩን ኬሚስትሪ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጥያቄ የሚያበዛ፣ ሲስቅ ክፍሉን ሁሉ የሚያስቅ ልጅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ እያለ፣ በመጋቢት 2012፣ ኮሮና ገባ ተብሎ ተማሪው ሁሉ ወደየቤቱ ተላከ። ለጥቂት ሳምንት ነው ስለተባለ ይዞ የመጣው ሁለት ሸሚዝና አንድ ደብተር ብቻ ነበር።

ያን ሰሞን ሬዲዮው በየሰዓቱ የሞተ ሰው ይቆጥራል። ገበያው ደግሞ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦና አረቄ መድኃኒት ነው ይላል። እትዬ ጌታነሽ አንድ ረፋድ ላይ በአጥር በኩል ጠሩኝ።

«መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። አረቄ ይህን በሽታ ይገድላል የሚሉት እውነት ነው?»

«አልኮል ጀርም ይገድላል» አልኳቸው፣ ደረቴን ነፍቼ። ለእጅ እንጂ ለሆድ አይደለም ማለቱ ትዝም አላለኝ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው።

ከማግስቱ ጀምሮ ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበትን፣ ሁለቴ የወጣ ዳግም አረቄ በመለኪያ ይዘው ልጃቸውን በባዶ ሆዱ መቀስቀስ ጀመሩ። በአንድ እጃቸው ራሱን ደግፈው፣ «ተነሣ የኔ ጌታ፣ ይቺን ዋጥ አድርጋት» ይሉታል። መጀመሪያ ላይ ፊቱን ያጨማድድ ነበር። ጥቂት ሳምንት የተባለው ወር፣ ወሩ ክረምት ሆነ። ጉሙ ደጃፍ ድረስ ይገባል፣ ኔትወርክ የለም፣ ጓደኞቹ በየአገራቸው ተበትነዋል። ነቢዩ ቀኑን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። እኔም «ሰነፍክ» እያልኩ አላግጥበታለሁ።

«ቲቸር፣ ስነቃ ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ ይመስለኛል» አለኝ አንድ ቀን። «የሚነሣልኝ በዚያች መለኪያ ነው።»

ሰምቼ አለፍኩት። እስካሁን የሚቆጨኝ ያ ነው። ነሐሴ ላይ መለኪያዋ ጠርሙስ ሆና ነበር።

ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ሄደ፤ በሦስተኛው ወር እጁ እየተንቀጠቀጠ ተመለሰ። መሐል ሜዳ ሆስፒታል ለሕክምና የወሰድነው እናቱና እኔ ነን። የአእምሮ ጤና ነርሷ በለሰለሰ ድምፅ፣ «መጀመሪያ ማን ሰጠህ?» ብላ ጠየቀችው።

«ጓደኞቼ» አለ፣ እናቱን ሳያይ።

እትዬ ጌታነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ እንጂ አልተናገሩም። እኔም ዝም አልኩ።

ሕክምናው ረዳው፤ መጠጡን ተወ። ከዚያ ደብረ ብርሃን ሄዶ እንጨት ሥራ ቤት ተቀጠረ። ይደውላል፣ ይጠይቃል፤ «ና እንጂ ልጄ» ሲሉት ግን፣ «የቤቱን ሽታ አልችለውም እማዬ» ይላቸዋል። አራት ዓመት ሙሉ አልመጣም። ናፍቆት ሰው እንደሚያከሳ ያየሁት በእሳቸው ነው። የደብረ ብርሃኑ ሚኒባስ በሚገባበት ሰዓት መንገድ ዳር የሚያወጣቸው ጉዳይ አያጡም። አንድ ቀን ጨው ያልቅባቸዋል፣ አንድ ቀን ክብሪት።

አምና ማሰሮውን ሰበሩት። «ሽጠውት ቢሆን ምን ነበረበት?» ብላቸው፣ «የማን ልጅ ቤት ልስደደው?» አሉኝ። ባና ለሚባለው ብርድ ልብስ ሠሪዎች የበግ ጠጉር መፍተል ጀመሩ። ግድግዳውን ፍቀው እንደገና በጭቃ መረጉት፣ ሦስቴ በእበት ለቀለቁት። በየጊዜው እየጠሩ፣ «እስቲ ያሽትቱልኝ መምህር» ይሉኛል። የሚሸተኝ እበት ብቻ ነበር። ያን ስነግራቸው ደስ ይላቸዋል።

ለዘንድሮ ፋሲካ ነቢዩ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ አየሩን ወደ ውስጥ ሳበ፣ ከዚያ ገባ። ምሳ ላይ ነበርን፤ እትዬ ጌታነሽ እንጀራውን ሳይቆርሱ ተናገሩ።

«ነርሷ ስትጠይቅህ መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

«እኔም አለሁበት» አልኩ።

ነቢዩ እንጀራውን ወደ እናቱ አስጠጋ። «አውቃለሁ እማዬ። እንዳልሞትብሽ ብለሽ ነው። የቀረሁት ተቀይሜሽ አይደለም። እዚህ ቤት ስነቃ የምጠብቀው አረቄውን ይሁን እጅሽን መለየት አቅቶኝ ነው። አረቄውን ትቼዋለሁ። እጅሽ ግን ይናፍቀኛል።»

በማግስቱ ማለዳ እንደምን አደራችሁ ልል ብቅ ስል በሩ ክፍት ነበር። እትዬ ጌታነሽ ትኩስ ወተት በኩባያ ይዘው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። በአንድ እጃቸው ራሱን ደግፈውታል። «ተነሣ የኔ ጌታ» አሉት።

ተቀበላቸውና ሳያስበው ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ወዲያው ደነገጠ፣ አፈረ፣ ኩባያውን ዝቅ አደረገ። እሳቸው ከሥር ይዘው መልሰው ከፍ አደረጉለት።

«አሽትት ልጄ» አሉት። «አሽትተህ ጠጣ። እኔ አልቸኩልም።»