የአክስቴ ግማሽ ዋት

አክስቴ ጥርስ ሠሪ ናት። የጥርስ ሐኪሞች የታካሚዎቻቸውን የድድ ልክ ይልኩላታል፤ እሷም በመስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛዋ ላይ አቀርቅራ በጄሶው ቅርጽ ላይ ጥርስ ስትደረድር ትውላለች። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ጥርሱ ጠበበኝ ብሎ የተመለሰባት ሰው የለም። የጠረጴዛው ግማሽ ግን ከጥርስ ጋር አይተዋወቅም። እዚያ ላይ፣ የጥርስ ሰም በሚመጣበት ቆርቆሮ ውስጥ በገዛ እጇ የገጣጠመችው የሬዲዮ ማሠራጫ ተቀምጧል።

ማሠራጫ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከሞተ የካሴት ማጫወቻ የተነቀሉ ሁለት ትራንዚስተሮች፣ በክኒን ብልቃጥ ላይ የተጠመጠመ ሽቦ፣ ስምንት የባትሪ ድንጋይ፣ በቃ። መምቻው የብረት መጋዝ ስባሪ ነው፤ ጫፉ ላይ ለጣት መያዣ ያደረገችው ራሷ የሠራችውን የመንጋጋ ጥርስ ነው። መንጋጋውን ጫን ለቀቅ ስታደርግ አጭርና ረጅም ድምፅ ይወጣል፣ ዲ እና ዳ፤ ከእነሱ ፊደል፣ ከፊደሉም ቃል ይሠራል። ጉልበቱ ግማሽ ዋት ነው። የእጅ ባትሪ አምፖል የሚያበራው በልመና ነው።

እንዲህ ያለ አመል ያላቸው ሰዎች በየአገሩ እንዳሉ ስትነግረኝ መጀመሪያ አላመንኳትም ነበር። ለካ ሞልተዋል። በዓመት አንድ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ይወዳደራሉ። መሣሪያው በቤት የተሠራ፣ ጉልበቱም ከአንድ ዋት በታች መሆን አለበት። ትልቅ ማሠራጫ ገዝቶ ዓለምን ማደንቆርማ ማንም ይችላል ባዮች ናቸው። አንዱ፣ መነሻ ፊደሎቹ አገሩን የሚናገሩ የጥሪ ስሙን እየላከ ይጠራል፣ የሰማው ይመልሳል፣ ያ ሰው ስንተኛቸው እንደሆነ ቁጥር ይለዋወጡና መዝገባቸው ላይ ይጽፋሉ። ቆሞ የሚያይ ዳኛ የለም። እያንዳንዱ ሕጉን አክብሬያለሁ ብሎ ይፈርምና ይልካል፤ አክስቴ ደግሞ በፊርማ ቀልድ አታውቅም።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ እኔ ጋሼ እለዋለሁ። ሱቁ ከመንገዱ ማዶ፣ ከመስኮቷ ፊት ለፊት ነው። ሬዲዮዋን ሲያይ፣ "በዚህ ጉልበት ከምትለፊ በመስኮት ብትጣሪ አይሻልም?" ይላታል። እሁድ እሁድ እሷ አልፎ አልፎ ከምታገኘው አንድ የባሕር ማዶ ሰው ጋር ዲ ዳ ስትል እሱ ከስሱ ግድግዳ ወዲያ ሶፋው ላይ ጋዜጣ ፊቱ ላይ ጥሎ ይጋደማል። የሚተኛ ይመስለን ነበር።

ዘንድሮ፣ ውድድሩ ስድስት ወር ሲቀረው፣ ነገር ተበላሸ። ከጣሪያው ጫፍ እስከ ውሃ ታንከሩ የተዘረጋውን የአንቴና ሽቦ ነፋስ በጠሰው፤ አክስቴ ልትቀጥለው መሰላል ወጣች፣ ወደቀች፣ ቀኝ እጇ ተሰበረ። ሦስት ወር ጥርስ አልሠራችም። ጋሼ ቀልዱን እርግፍ አድርጎ ተወ።

"ሽቦው ይውረድ" አለ።

"አይወርድም።"

"የሚመልስልሽ የለ! አምና በውድድሩ ማን መለሰልሽ? አንድም ሰው! ለባዶ ነገር አንገትሽን ልትሰብሪ ነው?"

ሳምንት ሙሉ ተኮራረፉ። መጨረሻ ላይ ተስማሙ፦ በዘንድሮው ውድድር አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ከመለሰላት ሽቦው ይቆያል። ካልመለሰ ግን ይወርዳል፣ ማሠራጫውም ዕቃ ቤት ይገባል። የስፌት መኪናው ሞተር ሬዲዮውን ስለሚረብሽ ጋሼ ያን ቀን በእጁ ብቻ ሊሰፋ ቃል ገባ። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ ምስክር ተደረግኩ። እስከ አንድ መቁጠር አያቅተኝም ተብሎ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ አክስቴ ማሠራጫውን እየፈተሸች ነበር። ስትፈትሽ የአንቴናውን ገመድ ትነቅልና በቦታው የእጅ ባትሪ አምፖል ትሰካለች። ጉልበቱ ወደ አየር ሳይወጣ አምፖሉ ይውጠዋል፤ አምፖሉ ከደመቀ መሣሪያው ጤነኛ ነው። ደመቀ። ልክ በዚህ ሰዓት በሩ ተንኳኳ።

ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፣ የልጃቸው ልጅ ሠርግ ላይ ንግግር አለባቸው፣ ጥርሳቸውን ራሳቸው ሊወስዱ መጥተዋል። ምን እንደሚሉ ለመረዳት አምስት ደቂቃ ፈጀብን። ጥርሱ ከገባ በኋላ ደግሞ ዝም የሚያሰኛቸው ጠፋ። ንግግሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሰሙን፣ "ስ" ያለበትን ቃል ሁሉ እየደጋገሙ። ሲወጡ አራት ሰዓት ሊሞላ አንድ ደቂቃ ቀርቶት ነበር። አክስቴ ሮጣ ተቀመጠች፣ የመምቻውን መንጋጋ ያዘች፣ መጥራት ጀመረች።

መቀበያዋ ለብቻው ነው፤ የራሱ ሽቦ በመጋረጃው ዘንግ ላይ ተጠምጥሟል። በእሱ ዓለሙ ሁሉ ይሰማል። እዚያ ሁለት ሰዎች ቁጥር ይለዋወጣሉ፣ እዚህ አንዱ ይጣራል። አክስቴ የሚጣራውን ሁሉ ትመልሳለች። አንዱም አይሰማትም። ጥሪዋን ጨርሳ ፀጥ ስትል ሰውየው ሌላውን ያነሳል፣ እሷ እዚያ እንደሌለች።

አምስት ሰዓት ሆነ፤ ባዶ። ስድስት ሆነ፤ ባዶ። በስምንት ሰዓት ዳቦ በእንቁላል ሠርቼ ሰጠኋት፤ ግማሹን በልታ ግማሹን የአንድ ሰው ታችኛ መንጋጋ ላይ አስቀመጠችው። በመስኮት ሳይ ጋሼ በአንድ ጆሮው ማዳመጫ ሰክቶ ሱሪ ይጠልፋል። ኳስ ይሰማል ብዬ በሆዴ ተናደድኩበት። እሷ እዚህ ነፍሷ ይወጣል፣ እሱ ኳስ!

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አክስቴ መምቻውን ለቀቀችና ቀኝ እጇን አየችው።

"እጄ ነው" አለች። "ከተሰበረ ወዲህ ምቱ ተበላሽቷል። ይሰሙኝ ይሆናል፤ የሚያነበኝ ግን የለም።"

"ኧረ እትዬ፣ እንደዚህ አትበይ።"

"ይህ እጅ ፊደል ካልያዘ ጥርስስ እንዴት ይይዛል?"

አንጀቴን በላችው። የምትፈራው ሽቦውን ማጣት ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ስድስት ወር ሙሉ ይህን ፍርሃት ለማንም ሳትናገር ይዛው ኖራለች። ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሳሁ። እሷ እንደገና መጥራት ጀመረች።

ለአሥር ሰዓት ሃያ አምስት ደቂቃ ሲቀረው አንድ ሰው መለሰ።

ጆሮ የሚበጥስ ድምፅ ነው። ምቱ ግን ጉድ ነው፤ ዳው ይንቀራፈፋል፣ ዲው ይደነቃቀፋል። አክስቴ ፊደል በፊደል ጻፈች። የጥሪ ስሙን ላከ፣ "ቁጥር አንድ" አለ፣ "በደንብ አነብሻለሁ" አለ። እሷም ቁጥሯን ላከችለት።

"ያነበኛል!" ብላ ጮኸች። "በደንብ ነው ያለው!"

የጥሪ ስሙ መነሻ ፊደላት የየት አገር እንደሆኑ ለማወቅ ሠንጠረዡን ገለጥን። በዚያ የሚጀምር አገር በዓለም ላይ የለም።

"አዲስ አገር ተመሥርቶ ይሆናል" አለች አክስቴ፣ ከልቧ። በደስታ ሰክራ ነበር፤ እኔም ብሆን የዚያን አገር ባንዲራ ለመስፋት ዝግጁ ነበርኩ። ተቃቅፈን ስንዘል በክርናችን አንድ የጄሶ መንጋጋ መታነውና ከማሠራጫው ኋላ ወደቀ። አክስቴ ልታነሳው ጎንበስ አለች። ቶሎ ቀና አላለችም።

"እስቲ የመምቻውን መንጋጋ ጫን አድርጊ" አለችኝ ከዚያው እንደተደፋች።

ጫን አደረግኩ።

"ልቀቂ። እንደገና።"

ዞሬ አየሁ። ከቆርቆሮው ኋላ የእጅ ባትሪው አምፖል ጣቴን እየተከተለ ይበራል ይጠፋል። የአንቴናው ገመድ አጠገቡ ተንጠልጥሏል፤ ዳኛው በሩን ሲያንኳኩ ሳይሰካ እንደቀረ ነው። አምስት ሰዓት ተኩል ሙሉ አክስቴ ለአምፖል ስታወራ ውላለች።

"ታዲያ ያ ሰውዬ በምን ሰማሽ?" አልኳት።

"ከአምፖሉም ትንሽ ያፈተልካል።"

"የት ይደርሳል?"

አሰበች። "መንገዱን ቢሻገር ነው።"

ሁለታችንም በመስኮት ወደ ማዶ አየን። ጋሼ አንገቱን ደፍቶ እንደ ጉድ ይሰፋል። መርፌው ላይ ክር አልነበረውም።

"ገመዱን ሰክተሽ ጥሪ እንጂ! ገና ጊዜ አለ!" አልኳት። አክስቴ ግን ፊቷ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ተንኮል መጣ። አምፖሉን እንደተሰካ ትታ መምቻውን ያዘች።

"አገርህ የት ነው?" ብላ ላከች፣ እየተረጎመችልኝ።

መልሱ እየተደናቀፈ መጣ፣ "ሩቅ። ደሴት።"

"አየሩ እንዴት ነው?"

"ዝናብ።"

"ሚስት አለችህ?"

ማዶ፣ ጋሼ በሚጠልፈው ሱሪ ግንባሩን ጠረገ።

"አለች። ግትር ናት።"

አክስቴ አፏን በሁለት እጇ አፍና እስክታነባ ሳቀች። እንባው ግን ሳቁ ካለቀ በኋላም ቆየ።

አሥር ሰዓት ሲሞላ እስክሪብቶ አነሳችና መዝገቡ ላይ "የተገኘ ሰው፦ ዜሮ" ብላ ፈረመች። ልከራከራት ስል፣ ፈቃድ የሌለውን፣ ስሙንም የፈጠረውን ሰው ጽፌ በሐሰት አልፈርምም አለች። ጋሼ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሲገባ መዝገቡን ወደ እሱ ገፋችለት።

"እህሳ! ተገኘ ሰው?" አለ፣ ምንም እንደማያውቅ።

"አልተገኘም። ቃል ቃል ነው። ነገ ሽቦውን አውርደው።"

ጋሼ ወረቀቱን አየ። እኔን አየ። "እንዴት ዜሮ? አንድም አልመለሰም?"

"አንድም።"

"ማለቴ... ወደ መጨረሻው አካባቢ? ከሩቅ... ከደሴት?"

"የምን ደሴት?"

ላቡ መጣ። ዝም ቢል ሽቦው ይወርዳል፤ ቢናገር ይዋረዳል። ከስድስት ወር በፊት ይውረድ ብሎ ሳምንት ያኮረፈው ይኸው ሰው ነው። ሜትሩን ከአንገቱ አውጥቶ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

"እኔ ነኝ" አለ። "በቃ፣ እኔ ነኝ። መጀመሪያ የሠራሽውንና የጣልሽውን ማሠራጫ ከነመቀበያው አንስቼ ሱቅ አስቀምጬው ነበር። እየተኮስኩ እሰማሻለሁ። ዛሬም ሰማሁሽ። አንቺ ትጣሪያለሽ፣ እነሱ አይመልሱም። እንደዚህ እየተጣራች እንዴት አንድ ሰው ይጠፋል? ዓለሙ ሁሉ ደንቆሮ ነው እንዴ? ብዬ ተናደድኩ። ከዚያ በኋላ እጄን ማን ይያዘው!"

"ትሰማኛለህ?" አለች አክስቴ። "ሁሌም?"

"ሲያንኮራፋ ይውላል ብለሽ ለዚያ ለባሕር ማዶው ሰውዬ መናገርሽንም ሰምቻለሁ። ሁለት ግራ እግር ያለው ሱሪ ሰፋ ብለሽ ያማሽኝንም ሰምቻለሁ።"

አክስቴ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ቀጥላ የጠየቀችው ግን ሌላ ነው።

"ምቴ ይነበባል?"

"የማይነበብ ቢሆን እኔ አነበው ነበር?"

ሽቦው አልወረደም። መሰላል የሚወጣው ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ አለ ጋሼ። ወንበር ላይ ቆሞ አምፖል ሲቀይር እንኳ ራሱ የሚዞርበት ሰው ነው፤ ይዙርብኝ አለ። አክስቴም በበኩሏ፣ ያለ ፈቃድ በአየር ላይ ሁለተኛ እንዳላገኝህ ብላ ለአማተር ሬዲዮ ፈተና አስመዘገበችው።

ከሁለት ወር በኋላ እኔ ነኝ ይዤው የሄድኩት። የጽሑፉን ፈተና ወደቀ። አንቴና ለምን ያገለግላል የሚለውን፣ "ሚስትን ከመሰላል ለመጣል" ብሎ መለሰ። የድምፁ ፈተና ላይ ግን ፈታኙ ፊደሎቹን ቢያፈጥንበት፣ አሁንም ቢያፈጥንበት፣ አንዲት ፊደል አልሳተም። ፈታኙ ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ ትክ ብሎ አየው።

"ማን አስተማረዎት?"

"ኧረ አልተማርኩም" አለ ጋሼ። "ሚስቴ ስታወራ እሰማ ነበር።"