የቆቅ ቅማል

ዛሬ ጧት ምራቴ ዶሮ ሞታባት ኖሮ፣ ልጥልላት ብዬ ባነሣት አንድ ነገር ክንዴን ወረረኝ። ቅማሏ ነው። ገላዋ ሲቀዘቅዝበት ወደ እኔ ሙቀት ይሻገራል። አላራገፍሁትም። ባጃጅ በአጥሩ ሥር እየጮኸ ሲያልፍ እንኳ ዶሮዋን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ።

ጎረምሳ ሳለሁ ነው። ከቆሰበር ከተማ ወጣ ብሎ ገጠር ነበርን። ታላቅ እህቴን በሽታ ጥሏት ወሩን ሙሉ እህል በአፏ አልዞረም። አንድ ቀን ግን፣ «የቆቅ መረቅ ቢገኝ እቀምስ ነበር» አለች። አባቴ ከፈረሱ ጭራ ነጭቶ ሰጠኝ። ወጥመዱን ገምጄ ከገብሱ ዳር አጠመድሁ።

በማግስቱ ጤዛው ሳይረግፍ ብሄድ ቆቋ ተይዛለች። ግን ሞታ ደርቃለች። ሳይታረድ የሞተ በክት ነው፣ አይበላም። የእህቴ ፊት መጣብኝና «በስመ አብ» ብዬ የሞተችዋን አረድኋት። ደም ጠብ አላለም። አውራ ጣቴን በቢላዋ ጫር አድርጌ በደሜ አንገቷን ቀባሁት።

አባቴ ከደጅ ተቀበለኝ።

«ነፍስ ነበረባት?»

«ስትወራጭ ነው የደረስሁባት፣ አባዬ።»

አንገቷን አየ። ከዚያ ላባዋን እፍ አለው። ቅማሉ ከሥሩ የለም፤ ላባው ጫፍ ላይ ወጥቶ በእጁ ይርመሰመሳል። ቅማል ከሞቀ ቤቱ እንደማይወጣ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነበር።

እህቴ ከተኛችበት መደብ ድምፃችንን ሰምታ፣ «ያዘ እንዴ? የሱ ወጥመድ እኮ ከአይጥ በቀር አያውቅም!» አለች። ስትቀልድ ከሰማናት ስንት ጊዜያችን።

አባቴ ወደ እሷ አየ። ቅማሉን በጋቢው ጫፍ ጠረገና ቆቋን ለእናቴ ሰጣት።

«ትኩስ ናት። ቶሎ ቀቅይላት።»

እህቴ ሦስት ጊዜ ፉት አለች። «እሰይ፣ ጣፈጠኝ» ብላ የግንባሯን ላብ ጠረገች። በሳምንቱ ቀበርናት።

አባቴ ለንስሐ አባቱ «በክት ያበላኋት እኔ ነኝ» ሲል ከጓሮ ሆኜ ሰማሁት። የኔን ስም አላነሣም። ስግደት ተሰጠው። በየንጋቱ ግንባሩ መሬቱን ሲነካ ከመኝታዬ ይሰማኛል። አብሬው ልስገድ እያልሁ ስንቴ ቀና አልሁ፤ ተመልሼ ተኛሁ። እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልነገርሁት፣ እንዲሁ አለፈ።

ዛሬ ዶሮዋን ቀብሬ፣ እጄን ታጥቤ ክፍሌ ገባሁ። ግድግዳውን ተደግፌ አንድ ሰገድሁ። ለሁለተኛው ጉልበቴ አልነሣ አለኝ፤ እዚያው መሬት ላይ ቀረሁ።

ምራቴ በበሩ ብቅ ብላ፣ «አባባ፣ ምን ጠፋብዎ? እኔ ልፈልግልዎ» አለችኝ።

«ምንም አልጠፋብኝ፣ ልጄ» አልኋት። «እጄን ያዥና አንሽኝ።»