ጋሼ ያነሡት መስመር

የእኛ መድረክ ትልቁ ሽልማት አንድ መስመር ነበር። መድረኩ ኢንተርኔት ላይ ያለ ሰማያዊ ገጽ ነው፤ በየአገሩ የተበተንን ጀማሪ ገጣሚዎች በአማርኛ የምንጽፍበት። አንዱ ግጥም ያስገባል፣ ሌሎቻችን ከሥሩ አስተያየት እንሰጣለን። ደንብም ነበረን። መጀመሪያ የወደድከውን ትናገራለህ፣ ቀጥሎ ምጣኔው የሚያነክሰውን ስንኝ ታሳያለህ፣ በመጨረሻ «በርታ» ወይም «በርቺ» ትላለህ። ሳያበረታቱ መውጣት እንደ ስድብ ይቆጠር ነበር። ይህን ደንብ የማይከተሉት በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን፤ የት አገር እንደሚኖሩ እንኳ የሚያውቅ የለም። ጋሼ ግጥሙን ያነቡና የወደዱትን አንድ መስመር ገልብጠው ከሥሩ ብቻዋን ያስቀምጧታል። ሌላ ቃል አይጨምሩም። ካልወደዱት ደግሞ ዝም ነው። «ጋሼ መስመር አነሡለት» የተባለ ሰው ሳምንቱን ሙሉ እንኳን ደስ አለህ ሲባል ይሰነብታል።

ለእኔ አንሥተውልኝ አያውቁም ነበር።

ግጥም ማንም አላስተማረኝም። አዲስ አበባ እያለሁ ሬዲዮ ላይ ሲነበብ እየሰማሁ፣ ትንፋሹ የት ላይ እንደሚያርፍ ጠረጴዛ በጣቴ እየመታሁ ነው የለመድኩት። ዴንቨር መሀል ከተማ ባለ አንድ ሆቴል አንሶላና ፎጣ እያጠፍኩ እደረድራለሁ። ሥራው ፀጥ ያለ ስለሆነ ስንኞቼን በሆዴ ስገለባብጥ እውላለሁ። አንዱን ግጥም ለመጨረስ ወር ይፈጅብኛል፤ መድረኩ ላይ ሲወጣ ግን አንድም ቦታ አያነክስም። አስተያየት የሚሰጡኝም ይህንኑ ይላሉ። «ምጣኔው የተስተካከለ ነው፤ በርታ።» የተስተካከለ። አንሶላም ይስተካከላል።

ቻምበርስ ሮድ ላይ አፓርታማ የምጋራው የናዝሬት ልጅ ታክሲ ይነዳል። ወሬው አያልቅም፤ ቤት ሲገባ ከስልኩ ጋር እያወራ ነው፣ ሲወጣም እንዲሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብዬ ጠረጴዛውን ስመታ፣ አንድ እግር ካልሲውን እየፈለገ ከኋላዬ ቆመ።

«ምንድን ነው የምትደበድበው?»

«ምጣኔ እያየሁ ነው።»

«ግጥም ነው ሂሳብ?»

«ሁለቱም ነው።»

«በል እንግዲህ እኔም ልንገርህና ጻፍልኝ። ሂሳቡን አንተ ትሠራዋለህ።»

ቀልዱን መስሎኝ ነበር። ሶፋው ሥር እጁን ሰድዶ ካልሲውን እየዳበሰ፣ ኤርፖርት ስላደረሳት አንዲት ሴት ግጥሙን ይለው ጀመር። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል ሳትናገር በመስኮት ወደ ውጭ ስታይ የሄደች ሴት ናት። መጨረሻው እንዲህ ነበር፦

ዞር ብላ ሳታየኝ በሩን ዘግታ ወጣች፤
ሂሳቧን ከፍላለች፣ ሙቀቷን ግን ረሳች።

በጣቴ መታሁት። አላነከሰም። እንደገና መታሁት። እሱ ካልሲውን አግኝቶ እያጠለቀ ነበር።

ራሱ ቢጽፈው ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ግን የአማርኛው መጻፊያ ፕሮግራም ለአንድ ፊደል ሁለት ሦስት ቁልፍ ያስነካል፤ እሱ ደግሞ ለቁልፍ ትዕግሥት የለውም። ስለዚህ በስሙ መግቢያ ከፈትኩለት፣ ግጥሙንም እኔው ተየብኩለት። እንደ ልማዴ በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ አደረግኩ። መድረኩ ላይ ሁሉም ክፍት ቦታ ይተዋል እንጂ ሁለት ነጥብ የሚያደርግ ሌላ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ አላሰብኩበትም።

በማግሥቱ ጋሼ ሁለተኛዋን መስመር አንሥተዋት አገኘሁ።

«ሰውዬው ምነው የራሴን መልሶ ይጽፍልኛል?» አለ የናዝሬቱ ልጅ።

«ማድነቃቸው ነው።»

«እንዲህ ነው እንዴ? ደግ ሰው ናቸው እንግዲህ» አለና እንቁላሉን ሊገለብጥ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሥራ ነበረኝ፤ ቀን አንሶላ ማጠፍ፣ ሌላ ጊዜ የእሱን ግጥም መተየብ። መጥበሻው ላይ ጎንበስ ብሎ ይላል፣ እኔ እጽፋለሁ። እያንዳንዱን ስንኝ የምጠብቀው እንዲያነክስ ነበር። አንዳንዴ ያነክሳል፤ ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ሳይታወቀው ያስተካክለዋል። የሚሰጡትን አስተያየት የማነብለትም እኔ ነኝ። «አንጀቴን በላኸው ወንድሜ» የሚለውን፣ «እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ» የሚለውን፣ ድምፄን ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ የመብራት ክፍያ ወረቀት እንደማነብ አድርጌ አነብለታለሁ። እሱ አጋማሹ ላይ ስልክ ያነሣል። የኔን ግጥም ባስገባሁበት ሳምንት የእሱም ካለ፣ ሰው ሁሉ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። ጋሼ ለሦስተኛ ጊዜ መስመር ሲያነሡለት ገጹን ዘጋሁት። መግቢያውን የከፈትኩለት እኔ ነኝ፤ የይለፍ ቃሉን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

አንድ ቀን የመድረኩ አስተዳዳሪ፣ ዲሲ የምትኖር ሴት፣ ለሁሉም በሚታየው ገጽ ላይ ጻፈችልኝ። «ወንድማችን፣ ሁለቱ ስሞች ከኮሎራዶ ከአንድ ኮምፒውተር እንደሚገቡ አይተናል። ሁለት ነጥብ የምታደርጉትም እናንተ ብቻ ናችሁ። አንድ ሰው በሁለት ስም መጻፍ በደንባችን የተከለከለ መሆኑን ታውቃለህ። ምን ትላለህ?»

የሥራ ሰዓቴ ደርሶ ስለነበር ወጣሁ። ስመለስ ገጹ ሞልቷል። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ደስ ብሏቸው ነው የጠበቁኝ። አንዱ «እኔስ ጠርጥሬ ነበር፤ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው ውስጡ እሳት ሳይኖር አይቀርም» ይላል። አንዷ «ደህና ደህናውን ለምን በሌላ ስም ትደብቅብናለህ?» ትላለች። ሌላው «የመጀመሪያውን ስም ተወውና በሁለተኛው ቀጥል። በርታ!» ብሎኛል። ይህን የጻፈው ሰው ለግጥሞቼ ሁልጊዜ ደግ ነበር።

ለናዝሬቱ ልጅ አነበብኩለት። ወንበሩን ወደ ኋላ ደገፍ አድርጎ ሳቀ።

«ታዲያ ውሰደው። ነኝ በላቸው።»

«አይደለሁማ።»

«እኔን ምን ያደርግልኛል? አንተ ነህ እዚያ ቤት ዘመድ ያለህ።»

እውነቱን ነበር። የኔን ቁስል በደንብ የነካው ይህ ነው፤ ልቤ የሚፈልገውን ነገር እንደ ተረፈ ምሳ ነበር ያቀረበልኝ። «እምቢ» አልኩት፣ ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብዬ። ለአስተዳዳሪዋም ሁለት ሰዎች መሆናችንን ጻፍኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባላት በድምፅ የሚገናኙበት ክፍል ስለነበር፣ ሁለታችሁም ኑና እንስማችሁ አለች። ጋሼም አልፎ አልፎ እዚያ ይገባሉ። ሃቫና ስትሪት ካለ ዕቃ መሸጫ ማይክ ገዛሁ። ሳምንቱን ሙሉ የማነበውን ግጥም ወጥ ቤት ውስጥ ደጋገምኩት። ስለ አውቶቡስ ማቆሚያ የጻፍኩት፣ የምወደው ግጥሜ ነበር። ጋሼ ካሉ በዚህ ያነሡልኛል ብዬ ተስፋ አድርጌያለሁ።

ቅዳሜ መጣ። የናዝሬቱ ልጅ ታክሲውን ከታች ፓርክ አድርጎ፣ ሳንድዊች እየበላ ከጎኔ ተቀመጠ። ጋሼ ነበሩ። ሲስሉ ሰማኋቸው፤ ድምፃቸው ካሰብኩት ይቀጥናል። አስተዳዳሪዋ «ተራው ያንተ ነው» ስትለኝ ጀመርኩ። መጀመሪያው ደህና ሄደ። ማቆሚያው፣ በረዶው፣ አጠገብ ለአጠገብ ቆመው የማይነጋገሩት ሰዎች። ወደ መጨረሻው ስቃረብ ግን አቋረጥኩ። ቃሉ አልጠፋኝም፤ ምላሴ ነው የቆመው። ማይኩ ውስጥ የኔ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

የናዝሬቱ ልጅ ሳንድዊቹን አስቀምጦ ወደ ማይኩ ጎንበስ አለና ቀጠለልኝ። ወጥ ቤት ስደጋግም ሰምቶት ነው። እኔ የጻፍኩት መጨረሻ ይህ ነበር፦

ብቸኝነት ማለት ባዶ ቤት አይደለም፤
ከሰው ጋር ተቀምጦ ሰው ማጣት ነው ባለም።

እሱ ያለው ይህን ነው፦

ብቸኝነት ማለት ባዶ ቤት አይደለም፤
አጠገብህ ቆሞ «ስንት ሰዓት» ሚል የለም።

እኔ ወዲያው ስህተቱን አየሁ። «ማለት» ብሎ የጀመረው ዐረፍተ ነገር አይዘጋም፣ ሐሳቡ መንገድ ላይ ይቀየራል። ይህን እያሰብኩ ሳለሁ ደግሞ ያንን ማቆሚያ አየሁት፤ ጠዋት ጠዋት የምቆምበትን፣ ሁሉም በየኮቱ ውስጥ አንገቱን ቀብሮ የሚቆምበትን። ወሩን ሙሉ ስገለባብጠው በከረምኩት ስንኝ ውስጥ ማቆሚያው አልነበረም።

«ሁለት ሰዎች መሆናችሁን ሰምተናል» አለች አስተዳዳሪዋ። «አንደኛው ጸሐፊው፣ ሁለተኛው አጋዡ። ወንድማችን፣ ይህ እስከ ዛሬ ካስገባኸው ሁሉ ይበልጣል።»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጽፈህ አስገባው፣ ልጄ።»

«አዳንኩህ» አለ የናዝሬቱ ልጅ በሹክሹክታ፣ እና ሳንድዊቹን አነሣ።

በዚያው ቀን አስገባሁት። የኔን። እኔ እንደጻፍኩት፣ ከነሁለት ነጥቡ፣ ከነ«ሰው ማጣት ነው ባለም»። የራሴ ግጥም ነውና ሌላ ነገር ልጽፍ አይገባኝም ብዬ ነው፤ ይህ ትክክል ነበር፣ አሁንም ትክክል ይመስለኛል። ደግሞም ጋሼ ሲያዩት፣ በጽሑፍ ሲያነቡት፣ የኔ እንደሚሻል ይገባቸዋል ብዬ ነበር።

ሰኞ ከሥሩ አንድ መስመር ብቻዋን ቆማለች።

አጠገብህ ቆሞ «ስንት ሰዓት» ሚል የለም።

ስሙ የጋሼ ነው። ወደ ላይ ሄጄ ግጥሙን አየሁት፤ መስመሯ የለችበትም። ጋሼ የሰሟትን ይዘው መጥተው፣ በሌለችበት አንሥተዋታል። ከሥር ደግሞ ሰው ይጎርፋል። «እንኳን ደስ አለህ! በስንት ጊዜህ!» ግጥሙን መልሶ ያነበበ፣ መስመሯን የፈለገ አንድም ሰው አልነበረም።

«ክቡር ጋሼ» ብዬ ጻፍኩ፣ «ያነሡት መስመር የእኔ አይደለም። ከጎኔ የነበረው ጓደኛዬ በቃሉ ሲል የለወጠው ነው። የእኔ ከላይ ያለው ነው።»

መልሱ ቶሎ መጣ፤ ከጋሼ ሳይሆን ከሌሎቹ። ትሕትናዬን አደነቁ። አንዷ «እንዲህ ያለ ጨዋ ገጣሚ አላየሁም» አለች።

የናዝሬቱ ልጅ ሲመጣ ገጹ ክፍት ነበር። ጎንበስ ብሎ አነበበ።

«አነሡልህ እኮ! ይቺን መቼ ጻፍካት? ጥሩ ናት።»

«አንተ ነህ ያልካት።»

«እኔ? የት?»

«ቅዳሜ፣ ማይኩ ላይ።»

«ኧረ ባክህ። እኔ ያንተን ነው ያልኩት። እዚሁ ወጥ ቤት ስትደጋግመው እኮ ነው የያዝኩት።»

አየሁት፤ እየቀለደ አልነበረም። አያስታውሳትም። እኔ ይህን ያህል ዘመን ስጠብቃት የነበረችው መስመር ከአፉ ወድቃ፣ ለማንሣት እንኳ ጎንበስ አላለም።

«ይልቅ አዲስ አለኝ» አለ፤ «ከመርሳቴ በፊት ጻፍልኝ።»

ከወንበሩ ተነሣሁ። «ራስህ ጻፍ።»

«ምን ሆንክ አንተ?»

«ምንም አልሆንኩ። ቁጭ በል።» አስቀመጥኩት። ፊደሎቹ በየትኛው ቁልፍ እንደሚወጡ አሳየሁት፤ ለቀናት ያህል የሚሆን ነገር በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። በአንድ ጣቱ እየፈለገ «ሰ የት ነው? ይሄ ምን ቀንድ አውጥቶ መጣ?» ሲል ጃኬቴን ለበስኩ። ያን ዕለት የማታ ፈረቃ ተመድቤ ስለነበር አውቶቡሴ ሊያመልጠኝ ነበር።

ሆቴሉ ውስጥ ሆኜ እሱ ሲጽፍ ይታየኝ ነበር። ይሰለቸዋል፣ ግማሽ ላይ ትቶት ይነሣል፣ እኔ ከሌለሁ ግጥሙ የለም እያልኩ ፎጣ አጠፍኩ። ይህ ሐሳብ ደስ እንዳለኝ አልክድም።

ስመለስ እሱ ለሥራ ወጥቷል። ግጥሙ ግን መድረኩ ላይ ነበር። ፊደሎቹ የተፈነካከቱ ናቸው፤ ግዕዙ በካዕብ፣ ሳድሱ በራብዕ ገብቷል፣ አንዳንዱ ቃል ከጎረቤቱ ተጣብቋል፣ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደልም መሀል ላይ ቀርታለች። ሁለት ሰዎች መሆናችንን ከዚያ ቀን በኋላ የተጠራጠረ የለም። ጃኬቴን ሳላወልቅ ቁጭ ብዬ፣ ስህተቱን ቃል በቃል በአእምሮዬ እያቃናሁ ወረድኩ። ከታች ስደርስ ወደ ላይ ተመልሼ እንደገና አነበብኩት። ፊደሎቹ ከተቃኑ ወዲያ የምነካው ነገር አጣሁ።